ውሃ የገባበት ወተት

ጅግጅጋ መምህርት ሆኜ የተቀጠርኩት ለሙከራ ነበር። የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ ሲል ሱፐርቫይዘሩ ክፍሌ ገብተው ሊያዩኝ ቀን ቆረጡ። ካልወደዱልኝ ካረፍኩበት ፔንሲዮን ሻንጣዬን አንስቼ ወደ እናቴ ቤት መመለሴ ነው። እናቴ ደግሞ «ብዬሽ ነበር» ማለት ነፍሷ ነው።

የዕለቱ ትምህርት የሁለት ፈሳሾች ድብልቅ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሲቀመጡ ከመጽሐፉ ያገኘሁትን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። አንዲት ባለወተት ስምንት ሊትር ድብልቅ አላት፤ ወተቱና ውሃው 3 ለ 1 ነው። እኩል ለእኩል እንዲሆን ስንት ሊትር ውሃ ትጨምር?

ጥያቄውን አንብበው ጨረሱ። ከዚያ ክፍሉ ተቀወጠ።

«ቲቸር፣ የመጀመሪያውን ውሃ ማን ጨመረው?»

«ጭራሽ ሌላ ልትጨምርበት? ወላሂ ሌባ ናት!»

እናቷ ከሀርሺን ወረዳ የሚመጣ የግመል ወተት የምትሸጥ አንዲት ተማሪ ተነስታ ቆመች። «እናቴ ጠብታ ውሃ አትጨምርም!» አለች። እንባዋ መጥቷል። «ኧረ ሒሳብ ነው!» ብል ማን ሊሰማኝ! መጽሐፉን የጻፈውን ሰውዬ በሆዴ ረገምኩት። ለኮሮና ማስክ የሚደረግበት ጊዜ መሆኑ በጀኝ እንጂ ድንጋጤዬ ፊቴ ላይ ይነበብ ነበር።

ሰሌዳውን ጠረግኩት። ረመዳን ደርሶ ነበር።

«እሺ፣ ለማፍጠሪያ ቀዩን ሽሮፕ በጠበጣችሁ እንበል። ስምንት ሊትር ሆነ፤ ሽሮፑና ውሃው 1 ለ 3 ነው። ግን ከልክ በላይ ጣፈጠ። 1 ለ 4 እንዲሆን ስንት ውሃ እንጨምር?»

ይሄኛው የማንንም እናት አልነካም። ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ቀድማ እጇን ያወጣችው ያቺው ልጅ ናት።

«ሽሮፑ ሁለት፣ ውሃው ስድስት ሊትር ነው። ሽሮፑ አይነካም፤ ውሃው ስምንት መሆን አለበት። ሁለት ሊትር እንጨምራለን።»

እንባዋን ገና አልጠረገችም። ልስማት ምንም አልቀረኝ።

ደወሉ ሲደወል ሱፐርቫይዘሩ በር ላይ ቆም አሉ።

«መምህርት፣ የባለወተቷ ነገር እንዴት ሆነ?»

«አባረርናት» አልኩ።

«ደግ አደረጋችሁ። አንቺ ግን ቤት ተከራዪ፤ እዚሁ ነሽ።»

ማስኬን አወረድኩና በረጅሙ ተነፈስኩ። ከኋላዬ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ለእኔ እዚሁ መቅረት ይሁን ለባለወተቷ መባረር፣ እስከዛሬ አልጠየቅኳቸውም።