ናቲ «ልክ ነህ» ያለኝ ቅዳሜ

ከአገር በወጣሁበት ዋዜማ ማታ እማዬ ሻንጣዬን ትሞላለች፣ ናቲ ከኋላዋ ይፈታል። እሷ ሽሮ ትከታለች፣ እሱ ሽሮውን አውጥቶ ኮሚክ ይከታል። መርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ልጆች ጋር እየተከራከርን የገዛናቸው ናቸው፣ ግማሾቹ ሽፋን እንኳ የላቸውም። ሽሮ ካምፓላም አይጠፋም፣ ይሄ ግን የለም አላት። እማዬ ኮሚክ አትወድም። ቀንድ ያለው ሰው የተሳለበትን ሁሉ የሰይጣን ነው ትላለች። ያን ዕለት ግን ሽሮውን በጃኬቴ ጠቅልላ ከኮሚኮቹ መሃል ሸጎጠችው።

ናቲ ታላቅ ወንድሜ ነው። አሁን በሕይወት የለም። እኔ ከሁሉም ሰው በኋላ ስለሰማሁ፣ እናንተ ከመጀመሪያው እወቁት ብዬ ነው።

መንገዱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አውቶቡስ፣ አቧራ፣ እንደገና አውቶቡስ። አንዱ ድንበር ላይ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ሻንጣዬን ከፍቶ ሽሮውን አሸተተ። ምግብ ነው አልኩት። ኮሚኮቹን አነሳና የልጅህ ናቸው ወይ አለኝ። ልጅ የለኝም፣ የእኔ ናቸው አልኩ። ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ከኋላዬ ሰልፉ ረዘመ፣ ሰው አጉረመረመ፣ እሱ ገጽ ይገልጣል። በመጨረሻ ፓስፖርቴን መትቶ ሰጠኝ፣ ኮሚኩን ግን ክንዱ ሥር አስቀረው። ፓስፖርት ከተመታልህ በኋላ ስለ ኮሚክ አትከራከርም። ለናቲ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ የትኛውን ክፍል እንደወሰደ ጠየቀኝና ተናደደ። ሰውዬው የወሰደው የመሃሉን ነበር።

ካምፓላ ያገሬ ሰው ስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። ከተማው ይሞቃል። ኮልፌ ክረምት ላይ ጃኬት ለብሰን እንደምንተኛ ለደንበኞቻችን ስነግራቸው አፍሪካ ውስጥ ብርድ አለ እንዴ ይሉኛል። ማቶኬ የሚሉት ምግብ አላቸው። ሙዝ ነው፣ ግን እኛ የምናውቀው ሙዝ አይደለም። ተቀቅሎ፣ ተደፍጥጦ፣ ያለ ምንም ቅመም ይቀርባል። አሁን ለምጄዋለሁ። ለምጄዋለሁ ስል በበርበሬ እበላዋለሁ ማለቴ ነው።

አከራዬ ማማ ጆይ ይባላሉ። በገባሁ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ማታ በሬን አንኳኩ።

«ቤቱን ያከራየሁት ለአንድ ሰው ነው» አሉኝ። «የምሰማው ሳቅ ግን የአራት ሰው ነው።»

ስልክ ነው ብዬ አሳየኋቸው። ስልኩን አገላብጠው አዩት።

«እሺ፣ እነሱ ውኃ አይጠቀሙም?»

አራቱ ሰዎች እኔ፣ ናቲ፣ ሚኪና ፌቨን ነን። ሚኪ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። ፌቨን ቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ዘማሪ ናት። ቅዳሜ ማታ ቴሌግራም ላይ በድምፅ እየተገናኘን ስለ ኮሚክ፣ ስለ ድሮ ፊልም፣ ከማስቲካ ውስጥ ስለሚወጣው ስዕል፣ ስለ ደብተር ሽፋን እናወራለን። መጨረሻ ላይ ምስክርነት አለ። ስሙን ያመጣነው ከጸሎት ቤት ነው፣ ወላጆቻችን እንዳይሰሙ እንጂ። አንዱ የሚያፍርበትን ግን የሚወደውን ነገር ይመሰክራል፣ ሌሎቻችን አሜን እንላለን። ፌቨን ድብድቡን እየዘለለች ፍቅሩን ብቻ እንደምታነብ መሰከረች። ሚኪ፣ ያ ሁሉ ግሪስ እጁ ላይ እያለ፣ ስለ አንዲት ተማሪና ስለ ድመቷ የሚያወራ ኮሚክ እያነበበ እንደሚያለቅስ መሰከረ። ናቲ ግን እኔ የማፍርበት ነገር የለኝም ይላል። የሚያውቀው መከራከር ነው። በተለይ ከእኔ ጋር። ዛሬ ዝናብ ነው ብትለው ይሄ ዝናብ አይባልም የሚል ሰው ነው። መጻፍ ስለሚሰለቸው ረጅም የድምፅ መልእክት ይልካል፣ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖም ቢሆን።

አንድ ሰሞን ድምፁ ጠፋ። ሲደወልለት አያነሳም። እማዬን ስጠይቃት ስልኩ ተበላሽቷል አለች። ሌላ ቀን ተኝቷል አለች። የእሷም ድምፅ ተዘግቶ ነበር፣ ጉንፋን ነው አለችኝ። ቅዳሜ ሲደርስ ናቲ ገባ፣ ግን በጽሑፍ። ማይኩ አይሠራም ብሎ ጻፈ። ደስ አለኝ፣ አልጠረጠርኩም።

ያን ማታ ስለ ቪዲዮ ቤት አነሳሁ። ካምፓላም ቪዲዮ ቤት አለ። ልክ እንደኛ ሰፈሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ መቀመጥ ነው። አንድ ሰው ፊልሙ ላይ በሉጋንዳ ይተረጉማል፣ የራሱን ቀልድ ይጨምራል፣ ተዋናዩን ይሳደባል። እናም ተርጓሚ ያለው ፊልም ከዋናው ፊልም ይበልጣል አልኩ። ይህን ያልኩት ናቲን ለመቆስቆስ ነው። በዚህ ነገር ስንት ዓመት ተጣልተናል። እሱ ለዋናው የሚሞት ሰው ነው።

ጽሑፉ መጣ። «ልክ ነህ ዮኒ። አንተ ያልከው ይሻላል።»

ሳቅኩ። ናቲ ታሟል እንዴ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት አልኩ። ማንም አልሳቀም። ፌቨን ከመስመሩ ወጣች። ሚኪ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው አለ፣ ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

ለብቻው ደወልኩለት። ናቲን አገናኘኝ አልኩት። ነገ ሥራ ትገባለህ ወይ አለኝ። እሁድ ምን ሥራ አለ አልኩ።

«እንግዲያው በጠዋት ከቤት እንዳትወጣ» አለኝ። «እዚያ ያሉት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቁህ ይመጣሉ።»

እኔን ታምሜ እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም። አበሻ ሆኖ በጠዋት የሚመጣ እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ሚኪም ከአፉ ከወጣ በኋላ ገባው።

«ሚኪ፣ ናቲ ነው ወይስ እማዬ?»



«እናትህ ደህና ናት» አለኝ።

ሊነጋጋ ሲል መጡ። ሽማግሌዎች፣ ሁለት እናቶች፣ ዳቦ የያዘ አንድ ሰው። ማማ ጆይ በሩን እየከፈቱ ልደቱ ነው እንዴ፣ በዚህ ሰዓት የምን ድግስ ነው እያሉ ሲያጉረመርሙ እሰማለሁ። እኔ ለብሼ፣ ፍራሼን አጥፌ ተቀምጫለሁ። እንዳልሰማሁ ልሆን ወስኜ ነበር፣ ሚኪ እንዳይወቀስ። ዋናው ሽማግሌ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍተው መልሰው ዘጉት። አሳዘኑኝ፣ ይገላገሉ ብዬ ቀና አልኩ። ናቲ ጦር ኃይሎች መንገድ ሲሻገር መኪና ገጭቶት እንደሞተ፣ ቀብሩም ካለፈ እንደቆየ፣ ብቻዬን እንዳልሰማ ብለው ይህን ያህል እንደጠበቁ ነገሩኝ። እናቴ ራሷ ናት የለመነቻቸው። የናቲን ስልክ ለሚኪ የሰጠችውም እሷ ናት። ማስመሰሉን ተውኩት፣ አለቀስኩ። ሞተ የሚለውን ቃል ሚኪ አልተናገረውም ነበርና የሰማሁት ያኔ ነው። ማማ ጆይ ከበሩ ላይ ኪታሎ አሉ። እዚህ ሐዘን ለደረሰበት ሰው የሚባል ነው። ከዚያ ከቤታቸው ወንበር ማውጣት ጀመሩ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ተሰበሰብን። ምስክርነት አለኝ አልኩ፣ የራሴ ግን አይደለም። ናቲ ማታ ማታ ከእማዬ ጋር የቱርክ ድራማ ያይ ነበር አልኳቸው። ካውያ ይዞ ይቆማል፣ ሸሚዝ የሚተኩስ ለመምሰል። ካውያው ሶኬት ላይ አልተሰካም። ሚኪ በሳቅ ፈነዳ፣ ፌቨን እያለቀሰች አሜን አለች። ሚኪንም ናቲ ልክ ነህ ብሎኝ እንደማያውቅ እንዴት ረሳህ አልኩት። አልረሳሁም አለኝ፣ ወንድምህ ሆኜ ልከራከርህ አልቻልኩም።

አሁን ለእማዬ የምደውለው ድራማዋ እንዳለቀ ነው። የዛሬውን ታወራልኛለች። ሰውዬው ሚስቱን አላወቃትም፣ ፀጉሯን ስለተቆረጠች ብቻ። ይሄ እንዴት ይሆናል አልኳት። ዝም ብለህ ስማ አለችኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም፣ ከዚህ ከወጣሁ መመለስ የለም፣ እሷም ታውቃለች። ትናንት ድራማውን አውርታ ጨረሰች። ቴሌቪዥኑን ስታጠፋው ሰማሁ።

«አደራ ልጄ፣ እዚያው ሥራህን ሥራ» አለችኝ። «እኔ ደህና ነኝ፣ እንዳትመጣ።»

እሺ አልኳት።



«መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ።