ጊታሩ፣ ቻርጀሩና የልጄ ወረቀት

የዘፈኑ አቀናባሪ ጊታሬን ቤቴ ቀድቼ እንድልክለት የሰጠኝ ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነበር። «ጋሼ፣ እስከዚያ ካልላኩልኝ የጊታሩን ቦታ በኪቦርድ እሞላዋለሁ» አለኝ በስልክ። እኛን ጊታሪስቶችን ከየምሽት ክበቡ ያባረረን ኪቦርድ ነው። አሁን ደግሞ ፒያሳ፣ ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ልጄ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ላፕቶፗን፣ ጊታሩን ከላፕቶፑ የሚያገናኘውን ትንሽ ሳጥንና አንድ ወረቀት ትታልኝ ሄዳለች። አሠራሩን በትልልቅ ፊደል ጽፋዋለች፤ ለሕፃን እንደሚጻፍ። ማንበብ የተማርኩት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። እስካሁን ወረቀት የሚሰጠኝ ሰው ሁሉ የሚፈትነኝ ይመስለኛል። ገልብጬ የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩበት።

ጊታሩን ሳጥኑ ላይ፣ ሳጥኑን ላፕቶፑ ላይ፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ግድግዳው ላይ ሰካሁ። አረንጓዴ መብራት በራ። ኩራቴ አንድ ደቂቃ አልቆየም፤ ጆሮዬ ላይ ያደረግኩት ማዳመጫ ውስጥ የንብ ቀፎ የተነካ ይመስል ይጮህ ጀመር። እጄን ክሩ ላይ ሳሳርፍ ይቀንሳል፤ ሳነሳ ይመለሳል። ገመድ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ።

ከሥር ያለው ወርቅ ሠሪ ነው አልኩ። ማለስለሻ ማሽኑን ሲያስነሳ የእኛ አምፖል ይርገበገባል። ደረጃውን ወርጄ ጮህኩበት።

«ያንን ማሽን አጥፋው!»

«የቱን? ከጠዋት ጀምሮ ተበላሽቶብኝ ቁጭ ብያለሁ እኮ፣ ጋሼ።» ሳቀ። «ምናልባት ጊታሩ አርጅቶ እያቃሰተ ይሆናል።»

«የሚያቃስትስ ያንተ ወርቅ ነው፣ መዳቡ በዝቶበት» ብዬው ተመለስኩ።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ። ብርጭቆውን አነሳሁ። በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አነበብኩ። ከታች እንዲህ ይላል፦ «አባዬ፣ ከጮኸ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀለው። የዚህ ቤት መብራት መሬት የሚገባ ሽቦ የለውም። ባትሪው ግን አርጅቷል፤ ቢቆይ አምስት ደቂቃ ነው።»

ነቀልኩት። ጸጥ አለ፤ የደነቆርኩ እስኪመስለኝ።

ዘፈኑ አራት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ያለኝ አንድ ዕድል ብቻ ነው። ቀዩን የመቅጃ ምልክት ተጫንኩና ጀመርኩ። መሀል ላይ ስክሪኑ ደበዘዘ። አንዷ ድምፅ ተንሸራተተችብኝ። አላቆምኩም። የመጨረሻው ክር ዝም እንዳለ ቻርጀሩን መልሼ ሰካሁት፤ ወረቀቱ እንዳዘዘኝም ላክሁት። ለዘጠኝ ሦስት ደቂቃ ይቀር ነበር።

አቀናባሪው ደወለ። «ማነው የቀዳልዎት?»

«እኔ።»

«አንድ ቦታ ላይ ትንሽ…»

«አውቃለሁ። እንዳትነካት።»

«እሺ ጋሼ። ኪቦርዱ ይቀራል።»

ልጄ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ወረቀቱን አነበብከው?» አለችኝ።

«በሚቀጥለው ጊዜ ፊደሉን አሳንሺው» አልኳት።