በውሃ የተጻፈ ካልኩለስ

ፖሊሶች የያዙን ቅዳሜ ጠዋት፣ ሊሚት የሚባለውን የካልኩለስ ክፍል እየሠራን ሳለ ነው። አምስት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበርን፤ ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ሰፈር፣ አንዷ ጓደኛችን ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን የሂሳብ መምህራችን ያባዛልንን ወርክሺት እንሠራለን። በከተማው መሰብሰብ የተከለከለበት ሰሞን ነበር። ክልከላው እኛንም ይመለከታል ብለን አላሰብንም። ፖሊሶቹ ወርክሺቱን አገላብጠው አዩት፤ እሱም አብሮን ጣቢያ ገባ።

መርማሪው አልጮኸብኝም። በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተዘጋጀ የምስክርነት ቃል ከፊቴ አስቀመጠ። አራቱ ጓደኞቼ የየራሳቸውን ፈርመው ማምሻውን ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ሳነብ አንድ መስመር ላይ ቆምኩ፤ «የሰበሰበንና ስለ መንግሥት የነገረን የሂሳብ መምህራችን ነው» ይላል። መምህሩ እዚያ አልነበረም። ቢኖርም ከሂሳብ ሌላ ወሬ አያውቅም። ይህን ግን አፍ አውጥቼ መናገር አቃተኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት ቃል አይወጣኝም። «ራሴን አሞኛል» አልኩ።

«እሺ፣ አስቢበት» አለኝ። «የብሔራዊ ፈተና ተፈታኞች ሐሙስ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይገባሉ አይደል? ከፈረምሽ ትደርሻለሽ።»

የሴቶቹ ክፍል ሰባት ሰው ይዟል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ በዚያ ሙቀት ጉንጭን ሲሚንቶ ላይ ከማሳረፍ የተሻለ ነገር አልነበረም። እስክሪብቶና ወረቀት ማስገባት አይፈቀድም። አጠገቤ የምትተኛው አርባ ዓመት ገደማ የሆናት የመጋላ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። ለምን እንደታሰረች አልነገረችኝም፤ አልጠየቅኳትም።

ሰኞ እኩለ ቀን፣ ከተማው ሱቁንም ቢሮውንም ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት፣ ፎርሙላዎቼን እንዳልረሳ በሹክሹክታ እየደገምኩ ነበር።

«አባዮ» አለችኝ፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው። «ድግምት ነው?»

«ሂሳብ ነው።»

«ታዲያ ለብቻሽ ምን ያስበላሻል? ለእኔም ንገሪኝ።»

ጣቴን ከመጠጫ ኩባያዬ ውሃ ውስጥ ነክሬ ሲሚንቶው ላይ ጻፍኩላት። የኤክስ ስኩዌር ዴሪቬቲቭ ሁለት ኤክስ ነው።

«ለምን?»

«ሕጉ ነው።»

«አቦ፣ እዚህ ያስገባኝም ሰው ሕጉ ነው ብሎኛል። አንቺ እንኳ አትበዪኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰሌዳ ገልብጬ፣ ፈተና ላይ ከአራቱ ምርጫ ትክክለኛውን አክብቤ፣ ክፍሉን በአንደኝነት ጨርሻለሁ። ለምን ብዬ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዴሪቬቲቭ ማለት የአንዲት ቅጽበት ፍጥነት ነው ያለው መምህራችን ትዝ አለኝና ያንኑ ነገርኳት።

ዓይኗ በራ። «እንዲህ አትይም! ዕቃ ጭኜ ከደንገጎ ተራራ ቁልቁል ስንወርድ መኪናው እየፈጠነ ይሄዳል። ኩርባዋ ላይ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ ስንት ነው የሚበረው? እሱን አውጪልኝ።»

ሞከርን። መኪናው በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር፣ በሁለት ሰከንድ አራት፣ በሦስት ዘጠኝ፣ የሰከንዱን ስኩዌር ያህል ይሂድ አልን። ልክ ሦስተኛዋ ሰከንድ ላይ ፍጥነቱ ስንት ነው? ከሦስት እስከ አራት ሰከንድ ሰባት ሜትር ይሄዳል። «ያ በዝቷል፤ ወደ መጨረሻው ፈጥኗላ» አለች። ጊዜውን አሳጠርነው። ከሦስት እስከ ሦስት ነጥብ አንድ የሄደውን ርቀት ለጊዜው ስናካፍል፣ ስድስት ነጥብ አንድ ወጣ። ችግሩ ድሬዳዋ ላይ ውሃ አይቆይም፤ ሁለተኛውን መስመር ሳልጨርስ የመጀመሪያው ደርቋል። የሚገለበጥ ነገር የለም። እያንዳንዱ መስመር ካለፈው እንዴት እንደመጣ ካልያዝኩ ሁሉም ይጠፋብኛል። ጊዜውን እንደገና አሳጠርነው፤ ስድስት ነጥብ ዜሮ አንድ።

«ስድስት ነው!» ብላ ጭኔን መታችኝ። «ወላሂ ወደ ስድስት ነው የሚሄደው!»

«ሁለት ጊዜ ሦስት!» ብዬ ጮህኩ። «ሁለት ኤክስ! ሕጉ እኮ ከዚህ ነው የመጣው!»

ጠባቂው በሩን ደበደበ። «ምንድን ነው? ምን ተገኘ?»

«ስድስት!» አለች ነጋዴዋ።

«ስድስት ምን?»

«ሜትር በሰከንድ!» አልኩት እኔ፤ ለፖሊስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስመልስ የመጀመሪያዬ ነበር። ሴቶቹ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ያን ቀን እህል አላሰኘኝም፤ ደስታው ሆዴን ሞልቶት ነበር።

ረቡዕ መርማሪው አስጠራኝ። ያው ወረቀት፣ ከጎኑ እስክሪብቶ።

«ይህ መስመር ከየት መጣ?» አልኩ።

«የቱ?»

«መምህሩ ሰበሰበን የሚለው። እኔ ከተናገርኩት ውስጥ የለም፤ ከላዩ ካለውም አይከተልም። እርስዎ ካወጡት እፈርማለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ፈተናሽን አስቢ። ጓደኞችሽ ፈርመዋል።»

እስክሪብቶውን አነሣሁ። በመስመሩ ላይ ቀጥ ያለ ሰረዝ ሳብኩበት፣ ከታች ፈረምኩና እስክሪብቶውን በሁለት እጄ መለስኩለት።

ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ ከተተና «ለሐሙስ አትደርሺም» አለ።

«አውቃለሁ።»

ሐሙስ እኩዮቼ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲገቡ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ነጋዴዋ አላባበለችኝም። ከራሷ የመጠጥ ውሃ ኩባያዬን ሞላችና «ስኩዌሩ ገባኝ። ኪዩብ ሲሆንስ?» አለች። እስከ ማታ ሦስት ኤክስ ስኩዌርን አወጣን። በዚያው ቀን እያለቀስኩ ስቄአለሁ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ተለቀቅሁ። መምህሩንም ጠርተው ጠይቀው ለቀውታል። የእኔ ሰረዝ ረድቶት ይሁን አይሁን አላውቅም። ፈተናውን በቀጣዩ ዓመት ተፈተንኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም ሂሳብ አጠናሁ።

በቅርቡ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር መምህሬን አገኘሁት። ሸብቷል። «ሌሎቹ በዕለቱ ሲወጡ አንቺን ለምን አቆዩሽ?» አለኝ። ያን መስመር ብነግረው አራቱ ጓደኞቼ ፈርመውበት እንደወጡ መናገር ይሆንብኛል።

«ወረቀቱ አላለቀም ነበር፣ ቲቸር» አልኩት።

«አንድ ዓመት ባከነብሽ» ሲል ከልቡ አዘነ።

«አልባከነም» አልኩት። ይህኛው እውነት ስለነበር ይመስለኛል፣ ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ።