«ለእኔ ይሠራል»

ተማም ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ ላይ ልትፈርዱበት ትችላላችሁና። አባቱ ጨርቅ ሊነግዱ ቦንጋ መጥተው እዚሁ ወልደው የቀሩ ናቸው። እሱ ጨርቁን ትቶ ሬዲዮ መፍታት ጀመረ፤ ከሬዲዮ ወደ ሞባይል፣ ከሞባይል ወደ ኮምፒዩተር ተሻገረ። ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ነው ነገሩ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ኮምፒዩተር አስገባ፣ ፍላሽ ከእጅ እጅ ዞረ፣ ቫይረሱም አብሮ ዞረ፤ ተማም እንጀራውን አገኘ። መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ውስጡን ጠራርጎ እንደ አዲስ መጫን። ኮምፒዩተሩ ቀረፈፈ? ፎርማት። አልነሣም አለ? ፎርማት። ሰዉም ለምዶት ራሱን ያመመው ሰው ክኒን እንደሚጠይቅ «እባክህ ፎርማት አድርግልኝ» እያለ ይመጣ ነበር።

ከደንበኞቹ ሁሉ የሚያከብራቸው እትዬ በዛወርቅን ነው። እትዬ በዛወርቅ ከገበያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይተው የጽሕፈት ሥራ ይሠራሉ። በጽሕፈት መኪና ዘመን የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ፤ ሲጽፉ ጣታቸውን አያዩም። ከማንኪራ ይምጣ ከቢታ ገነት፣ ባለጉዳይ ፊታቸው ቁጭ ብሎ በካፋ ቋንቋ በካፊኖኖ ብሶቱን ሲዘረግፍ፣ እሳቸው እየሰሙ በአማርኛ ይጽፉታል። ረቂቅ የለ፣ ምን የለ! ሰውየው ተናግሮ ላቡን ሳይጠርግ ማመልከቻው ከፕሪንተሩ እየወጣ ነው። ባለጉዳይ እሳቸውን ትቶ ሌላ ቤት የማይሄደው ለዚህ ነበር።

ታዲያ የቦንጋ ዝናብ ይሁን ዕድሜ፣ ቁርጥማት የሁለቱንም እጆቻቸውን ትንንሽ ጣቶች ይዞ አደረቀባቸው። በአማርኛ መጻፊያው ጠ እና ጨ የመሳሰሉት ፊደላት ሺፍት የምትባለው ቁልፍ ካልተያዘች አይወጡም፤ ሺፍትን የምትይዘው ደግሞ ትንሿ ጣት ናት። ያኔ ተማም አንድ ደግ ሥራ ሠራ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ገብቶ ጎርጉሮ፣ ከስፔስ ባሩ በስተቀኝ ያለችው ኦልት የምትባለው ቁልፍ የሺፍትን ሥራ እንድትሠራ አደረጋት።

«ከዛሬ ጀምሮ ሺፍትዎ ይቺ ናት እትዬ፤ በአውራ ጣትዎ ይጫኗት» አላቸው።

እትዬ በዛወርቅ ሞከሩት፣ እንደ ልጅ ሳቁ፣ መረቁት። ነገሩ ተስተካከለና ተረሳ። እሳቸው አውራ ጣታቸው ስለለመደችው ሌላ ዓይነት ሺፍት መኖሩንም ረሱ። እሱም ከዚያ ወዲህ የስንቱን ኮምፒዩተር ሆድ ስለፈታ የሠራውን ረሳ።

ጊዜ አለፈና የእሳቸውም ኮምፒዩተር በቫይረስ ታመመ። ተማም ምን አደረገ? ፎርማት ነዋ! ኪቦርዱም አርጅቶ ግማሹ ቁልፍ ሲጫኑት ተጣብቆ ይቀር ስለነበር፣ በዚያው አዲስ ሰካላቸው። ኮምፒዩተሩ እንደ ሙሽራ ሆኖ ተነሣ። የዚያች ቁልፍ ነገር ግን የተቀመጠው ኪቦርዱ ላይ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ውስጥ ነበርና ከነቫይረሱ ተጠርጎ ሄደ። ተማም ትዝም አላለው።

በማግስቱ እትዬ በዛወርቅ አስጠሩት።

«ተማም፣ ይሄ ሺፍት አልሰማ አለኝ።»

ባለጉዳዮች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ተማም «እስቲ አንዴ ይነሡልኝ» ብሎ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አለ። በግራ ትንሽ ጣቱ ሺፍትን ይዞ ጠ ጻፈ፤ ወጣ። ጨ ጻፈ፤ ወጣ።

«ለእኔ ይሠራል እትዬ።»

«ለእኔ እኮ እንቢ አለ! እንዲያውም አንዳንዴ ከላይ የማላውቀው ነገር ይዘረገፍብኛል።»

«እጅዎ እየተንቀጠቀጠ ሌላ ቁልፍ ነክተው ይሆናል።»

አያችሁ? ምልክቱን እኮ በአፋቸው ነገሩት። ኦልት ሲጫኗት ከላይ ሜኑ የሚባለውን የትእዛዝ ዝርዝር እንደምትከፍት የሚያውቅ ሰው፣ ነገሩን አዙሮ በእጃቸው ላይ ፈረደበት፤ ያውም በሰው ፊት። እትዬ በዛወርቅ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱና ባለጉዳዮቹን ነገ ኑ ብለው አሰናበቱ።

ደግመው ጠሩት። ሌላ ኪቦርድ ሰክቶ ሞከረ፤ አሁንም ወንበሩን ተቀብሎ፣ አሁንም በራሱ ጣት። አንድ ጊዜ እንኳ፣ አንዲት ጊዜ፣ «እስቲ እርስዎ ይጻፉና ልይ» አላለም! ምነው ቢል? ምላሱ ይቆረጥ ነበር? ብቻ አላለም። «ዕቃው ጤነኛ ነው። እርስዎ ሐኪም ቢያዩ ይሻላል» ብሎ ወጣ። ሲወጣ ደግሞ መልካም ምክር የመከረ መስሎት ነበር።

እትዬ በዛወርቅ አመኑት። ቁርጥማቱ ከትንንሾቹ ጣቶች አልፎ አውራ ጣታቸው ላይ የደረሰ መሰላቸው። ሐኪም ቤት ተመላለሱ፤ ክኒን ዋጡ፣ ቅባት ተቀቡ። ጸበልም ገቡ። የክፍሏ በር እየተዘጋ የሚውልበት ቀን በዛ። አንዲት የማንኪራ ሴት በድንበር ጉዳይ ማመልከቻ ልታስጽፍ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ፣ በሩ ላይ ቆይታ ቆይታ ስትመለስ ተማም ራሱ አይቷል። በከተማው ያለ አንድ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የፈተና ወረቀት የሚያስጽፈው በእሳቸው ነበር፤ ዘንድሮ «እጄ አልቻለም፣ ሌላ ፈልጉ» አሏቸው። ተማም ይህን ሲሰማ ከልቡ አዘነ። ሚስቱ ፋኢዛ ምግብ ልካላቸዋለች። እሱም መንገድ ላይ ሲያገኛቸው «አይዞዎት» ይላቸው ነበር። አይዞዎት!

አንድ ቀን ክፍሏን ለቅቀው ኮምፒዩተሩን ወደ ወሰዱበት ቤታቸው አስጠሩትና «ኮምፒዩተሩን ውሰድና ገዢ ፈልግልኝ» አሉት። «ሺሺንዳ እህቴ ዘንድ ልሄድ ነው። ሰው እጁ ከከዳው ምን ይሠራል እዚህ?»

ተማም ገመዱን ሊነቅል ጎንበስ ሲል አስቆሙት።

«ቆይማ፣ አንዴ ልሰናበተው።»

ተቀመጡና መጻፍ ጀመሩ። ተማም የሚቆምበት ስላጣ ከኋላቸው ቆመ። እጆቻቸውን ያን ቀን ገና አያቸው። ሲሮጡ ቆይተው ድንገት ቀኝ አውራ ጣታቸው ከስፔስ ባሩ ፈቀቅ አለችና ኦልት ላይ አረፈች። ተጫኑ። ከላይ ሜኑ ተከፈተ። ደግመው ተጫኑ፤ ጥፍራቸው ነጭ እስኪሆን ድረስ። ጠ አልወጣችም።

«አየህ? ጉልበት የላትም» አሉት።

ተማም ክው ብሎ ቀረ። ሁሉም ነገር ባንዴ መጣበት፤ ያኔ የቀየረው ቁልፍ፣ ፎርማቱ፣ ለእኔ ይሠራል ማለቱ፣ በሰው ፊት እሳቸውን ማዋረዱ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አሁን ልናገር፣ አሁን ልናገር አለ፤ አፉ አልታዘዝ አለው። ገመዱን ነቅሎ፣ ኮምፒዩተሩን ታቅፎ፣ ደህና ይዋሉ ብሎ ወጣ። አዎ፣ ዝም ብሎ ወጣ።

ሱቁ ገብቶ ቁልፏን ወደ ሺፍትነቷ ለመመለስ ሻይ የሚፈላበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። ይኸው ነበር እንግዲህ የሴትዮዋ በሽታ! ተማም ቁጭ ብሎ ራሱን ጠላው። ሰው ያልታመመውን በሽታ ሰጥቶ፣ ሐኪም ቤት ልኮ፣ ከአገር ሊያስወጣ! እውነቱን ቢናገር ምን ሊሉት ነው? ከተማው ውስጥስ ማን ከእንግዲህ ዕቃውን ያምነዋል? አሰበ፣ አሰበና አንድ ተንኮል አገኘ። ምንም ሳይል ሊመልስላቸው።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ሄደ። ጎረቤታቸው ዙፋን ዕቃ በመጠቅለል እያገዘቻቸው ነበር። ቦታው መልሶ ሰካካና «ገዢ አጣሁ እትዬ። እስቲ አንዴ ደግመው ይሞክሩት» አላቸው፤ ዓይናቸውን ሳያይ።

እትዬ በዛወርቅ እያቅማሙ ተቀመጡ። አውራ ጣታቸውን ጫን አደረጉ። ጠ! ደገሙት። ጠ! ከዚያ ጨ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ መስመር። ብድግ ብለው እልልታውን አቀለጡት።

«ዙፋን! ኧረ ዙፋን፣ እጄ ዳነ! ጸበሉ ነው! መድኃኔዓለም ሰማኝ!»

ዙፋን እልልታውን ተቀበለች። ተማምም «እንኳን ደስ ያለዎት» አለ። ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነበት። እንግዲህ ተገላገለ፤ ማንም ምንም አላወቀም፣ እሳቸውም ሺሺንዳ መሄዳቸው ቀረ። ተሰናብቶ ሊወጣ እግሩን ሲያነሣ እትዬ በዛወርቅ ጫማቸውን መቀየር ጀመሩ።

«ትምህርት ቤቱ ፈተናውን የሚጽፍለት ገና አላገኘም አሉ። አሁኑኑ ሄጄ እጄ ድኗል እላቸዋለሁ። ዳይሬክተሩ ፊት ቁጭ ብዬ ጽፌ ነው የማሳያቸው!»

ተማም ያነሣውን እግር መለሰ። ፈተናው እስከ አምና በእሳቸው ኮምፒዩተር ይጻፍ ነበር፤ ከዘንድሮ ወዲህ ግን እንዳይወጣ ተብሎ የሚጻፈው እዚያው ትምህርት ቤቱ በተቆለፈ ክፍል፣ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ነው። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ኦልት ኦልት ናት። እትዬ በዛወርቅ በሰው ፊት ይቀመጣሉ፣ አውራ ጣታቸውን ይጫናሉ፣ ጠ አትወጣም። ያኔ እጃቸውን ብቻ ሳይሆን ጸበሉንም ያጣሉ።

«እትዬ፣ አይሂዱ» አለ።

«ምነው?»

«አውራ ጣትዎ ታሞ አያውቅም። እኔ ነኝ።»

ነገራቸው። ቁልፏን፣ ፎርማቱን፣ ትናንት አይቶ ዝም ማለቱን፣ ዛሬም ሊሸውዳቸው መምጣቱን፤ ምንም አላስቀረም። ዙፋን ያነሣችውን ዕቃ እንደያዘች ቆማ ቀረች። እትዬ በዛወርቅ አንድ እግራቸው ጫማ ውስጥ፣ አንዱ ባዶ እንደሆነ ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ሐኪም ቤት ስመላለስ ይህን ታውቅ ነበር?»

«ወላሂ አላውቅም ነበር። ትናንት ነው ያወቅሁት።»

«ትናንት ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ፈራሁ። አፈርኩ።»

ተማም ወርዶ ጉልበታቸውን ያዘ። «ይቅር ይበሉኝ እትዬ። በአላህ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ በዛወርቅ አላዩትም። ቀኝ አውራ ጣታቸውን በግራ እጃቸው ይዘው «ይቺን ጣት እኮ ስረግማት ነው የከረምኩት» አሉ። «አንቺ ከዳተኛ እያልኩ ከጠረጴዛ ጋር ሳጋጫት፣ ሳለቅስባት…» ጣቷን ወደ አፋቸው አስጠግተው ሳሟት።

«ይቅር በይኝ፤ የኔ ሞኝ» አሏት።