ባናው የትራክተሯ ነበር

ዶርም ውስጥ ከእኔ በላይ የምትተኛው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት «ዘይነብ፣ ይሄ ብርድ ልብስሽ ጋራዥ ጋራዥ ይሸታል» ብላ አሳቀችብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። እውነቷን ነው። ከበግ ጠጉር የተሠራው ባናችን ስንቴ ቢታጠብ የናፍጣ ሽታውን አልለቀቀም፤ ማታ ፊቴን ስሸፍንበት ከመካነ ሰላም በላይ ያለው ደጋችን፣ ውርጭ ያነጣው የታጨደ የገብስ ማሳ፣ ከጓሯችን ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ የቆመችው ቀይ ትራክተር ሁሉም ይመጡብኛል።

ባናው የትራክተሯ ነበር። አባቴ ከአንድ የተዘጋ እርሻ አርጅታ የገዛት ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የሰፈሩን እህል በተጎታች ጭኖ ገበያ እያደረሰ በእሷ ያኖረን ነበር። ባትሪዋ ስለደከመ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ ታድራለች፤ ጠዋት ከጎማዋ ሥር ድንጋዩ ሲነሳላት እየተንደረደረች፣ እያስነጠሰች ትነሳለች። የሞተሯ ጎን አንዴ ተሰንጥቆ ተበይዷል፣ የውሃዋ ማፍሰሻም ዝጎ አልከፈት ብሏል። ስለዚህ አባቴ ውሃው ሆዷ ውስጥ በረዶ እንዳይሆን ማታ ማታ ገለባ ይጠቀጥቅላትና ባናውን ያለብሳታል። ሲነጋ ደግሞ እናቴ ያሞቀችውን ውሃ ሞተሯ ላይ ቀስ እያለ ያፈስላታል። እሱ ራሱ ለሱብሂ ሶላት ታጥቦ ውዱእ የሚያደርገው ደጅ ባደረ ውሃ ነው።

«ለአላህ በቀዝቃዛ፣ ለብረት በሙቅ!» ትለዋለች እናቴ።

«አላህ ይታገሰኛል፤ እሷ ግን ታኮርፋለች።»

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴን የሳንባ ምች ያዘው። ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ያለንን ጋቢ ሁሉ ብንደርብለትም ጥርሱ መንገጫገጩን አልተወም። እናቴ ወጥታ ባናውን ይዛ ገባች።

«መልሺላት! እሷ ከሞተች በምን ልንኖር ነው?»

«የዘይነብ አባት፣ አንተ ከሞትክስ ከማን ጋር ልንኖር ነው?»

በባናው ጠቀለለችው። አጎቴ ትራክተሯ ላይ ገለባ ጨምሮ በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈናት። ሲነጋ የአባቴ ትኩሳት በርዶ፣ አጥሚት ጠጥቶ ነበር። አጎቴ ግን ከጓሮ ተመልሶ ደጃፉ ላይ ቆመና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ውርጩ የድሮውን ብየዳ ከፍቶታል። ከከተማ የመጣው መካኒክ በጣቱ ዳብሶ «ይሄ ከእንግዲህ ብየዳ አይዝም» አለ።

አባቴ እናቴን አንድም ቀን አልወቀሳትም፤ አላመሰገናትምም። መካነ ሰላም ወርዶ የሰው መኪና ጫኝ ሆነ። በተከታዩ የውርጭ ወቅት እናቴ እንደ ልማዷ ውሃ አሙቃ ፊቱ አስቀመጠችለት። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እንፋሎቱ እስኪጠፋ ሲያየው ቆየ፤ ከዚያ፣ ውሃው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ውዱእ አደረገ።

ከሁለቱ አንዱን ያተረፍን መስሎን ነበር። ደረቱ ግን ዳግም አልጠናለትም፤ አምና ቀበርነው። ትራክተሯ ዛሬም ቁልቁል እንዳየች ናት፤ ከጎማዋ ሥር ያለውን ድንጋይ ሣር ውጦታል።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ስመጣ እናቴ ባናውን አጥፋ ሻንጣዬ ላይ አሰረችልኝ።

«እማ፣ አንቺስ?» አልኳት።

«እኔ መቼ ለብሼው አውቃለሁ?» አለችኝ።