የወለላ ጀሪካን

በእኛ የኑግ ዘይት ማጣሪያ ውስጥ ውሃ የሚያፈላውን ቦይለር የሚጠብቀው ይስማው ነው። ሚስቱ ወለላ ጥር ላይ ከሞተች ወዲህ ስቀልድበት አይስቅም፣ ስሰድበውም አይቆጣም። እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኛል፤ ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ያልተጣራው ዘይት የሚሞቀው ፍል ውሃ በሚያልፍባቸው ቱቦዎች ነው። ሐምሌ ሲገባ ዘይቱ አልሞቅ አለ። ኢንጂነር ማርያማዊት ማሞቂያውን ብታስፈታው ቱቦዎቹ ውስጣቸው እንዳረጀ ሻይ ማፍያ ነጭ ድንጋይ ይዟል።

«ይኼ ኖራ ነው» አለች። «ውሃው ሲሞቅ ኖራው ይለይና ቱቦው ላይ ይጋገራል፤ ከዚያ ሙቀት አያሳልፍም። የእኛ ውሃ ግን ኖራው ወጥቶለት ነው የሚገባው። ጋሽ ይስማው፣ ሌላ ውሃ ይጨምራሉ እንዴ?»

«ጠበል» አለ።

ወለላ ቦይለሩ ፈንድቶ ይገድለዋል ብላ ትፈራ ነበር። በየሳምንቱ ከአምበር በኩል ካለ ምንጭ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ሞልታ ታመጣና «ተጠመቅበት» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ይበርዳል! እኔ ምን ሆንሁ? የሚያስፈራሽ ማሽኑ አይደል፣ እሱን አጠምቅልሻለሁ» ይልና የጎደለውን ውሃ ይሞላበታል። እኛም አብረን እንስቅ ነበር። ቀልዱ ለዓመታት ልማድ ሆኖ ቀረ።

«አሁንም አለ?» አለች ማርያማዊት።

«አንድ ቀርቷል። እሷ የሞላችው ነው። ካፈሰስሁት አለቀ ብዬ ተውሁት።»

ጀሪካኑ ቦይለሩ ጥግ ቆሟል።

«እባክዎ፣ እዚህ እንዳይጨምሩት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ቱቦዎቹን በአሲድ አጠብናቸው። ወለላ ያን ሁሉ ዓመት ተሸክማ ያመጣችው ውሃ የተወው ድንጋይ አረፋ እየሆነ ፈሰሰ። ይስማው ቆሞ አየ፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ፊቴን ያዞርሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ማለዳ ጀሪካኑን አንስቶ ወደ ጓሮ ሲወጣ አየሁት። ሊደፋው ነው ብዬ ተከተልሁት። ሸሚዙን አወለቀ፣ አማተበ፣ ጀሪካኑን ባናቱ ላይ ገለበጠው። የሐምሌ ብርድ ነው፤ ጥርሱ ተንገጫገጨ። እስኪያልቅ ድረስ አላወረደውም።

«ይበርዳል፣ ወለላ» አለ። «ይበርዳል እኮ።»

ከዚያ ባዶውን ጀሪካን አቅፎ አለቀሰ።