የታጠበው ፈረስ

ኪኑ ባሏ ከሞተ ወዲህ የሰው ፊት አይታ አታውቅም። ቶኪዮ ዳር፣ ከጎመን ማሳ አጠገብ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ለቴሌቪዥን የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎች ቀለም ትቀባለች። ሥዕሎቹ የሚሠሩት ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ ላይ ነው። ላስቲኩ ውድ ስለሆነ ካሜራ ካነሳው በኋላ ታጥቦ እንደገና ይሠራበታል። የማይታጠበው በየሳምንቱ የሚፈለገው፣ በቀይ ገመድ የታሰረው ብቻ ነው።

ያን ማክሰኞ ጠዋት ገመዱን አንዱ ፈትቶት ኖሮ፣ ኪኑ የታሪኩ ጀግና ፈረስ ሲጋልብ የሚያሳዩትን አሥራ ሁለቱንም ሥዕሎች አጥባ አሰጣቻቸው። የሚነሳው ፊልም እስከ እኩለ ቀን ወደ ፊልም ማጠቢያ ቤት ካልሄደ የነገው ዝግጅት አይደርስም፤ ካልደረሰ ደግሞ ስቱዲዮው ከቴሌቪዥን ጣቢያው ጋር ያለው ውል ይፈርሳል።

"አሥራ ሁለቱንም?" አላት አለቃዋ ኩራሞቺ።

"አሥራ ሁለቱንም ጌታዬ።"

"ታዲያ ነገ ጀግናው በምን ይሂድ? በባቡር?"

ማንም አልሳቀም። ኪኑ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ አየች፦ ላስቲክ ይዞ የወጣ በዚያው ይቅር። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም።

"አንድ ፈረስ ቤቴ አለ" አለች። "እግሩ ላይ ቀለም ፈሶበት የተጣለ ነው። ልጄን ኩፍኝ ይዟት ነው የወሰድኩላት።"

መልስ ሳትጠብቅ ሮጠች። እቤቷ ፈረሱ በሩዝ ሙጫ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤ ቀስ ብላ አላቀቀችው።

"እማ፣ ትመልሺልኛለሽ?" አለች ልጇ ቺዙ።

"እንጃ ልጄ።"

ስቱዲዮ ስትመለስ ኩራሞቺ ላስቲኩን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳው። "እግሩ የተበላሸ አንድ ፈረስ ምን ይፈይዳል?"

"እግሩን ሣር ይሸፍነዋል። ፈረሱን እኛ እንግፋው።"

በሌላ ላስቲክ ላይ ረጅም ሣር ቀባች። ካሜራ ሠራተኛው ፈረሱን ከሣሩ ኋላ በጥቂት በጥቂቱ እየገፋ አነሳው። ፊልሙ ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ወጣ።

"ደንቡን ታውቂዋለሽ" አላት ኩራሞቺ፣ ዓይኗን ሳያይ።

"አውቀዋለሁ።"

ሽርጧን አጥፋ አስቀምጣ ወጣች። ለነገሩ፣ እዚያ ቤት መታጠብ የነበረበት ደንቡ ነበር።

ፈረሱ በቀይ ገመድ ታሰረ። በየሳምንቱ ረቡዕ ማታ ቺዙ ቴሌቪዥን ከሚታይበት ከሬዲዮ ሱቁ መስኮት ፊት ትቆማለች፤ እናቷ ልብስ ከምታጥብበት ቤት እስክትመለስ አትጠብቅም። ፈረሱ ከሣሩ ኋላ ሲታይ አብረዋት ለቆሙት ልጆች ትነግራቸዋለች።

"የኔ ነው። እናቴ አበድራቸው ነው።"